ከባሕር ሥር እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የውሃው ኦክስጅን የት ይገባል?

ሰላም ወንድሜ። የጠየቅከው ይህን ነው፦ «ከባሕር ሥር እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ በውሃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ያልቃል ወይ? ዓሣዎቹ የሚሞቱት ታፍነው ነው ወይስ ተቀቅለው? ውቅያኖሶች ኦክስጅን እያጡ ነው የሚባለውስ በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል?» ሥራዬ የባሕር ውሃ ኬሚስትሪ ስለሆነ ይህን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። ጥያቄው በጣም ጥሩ ነው። መልሱ ረዘም ይላል፣ ታገሰኝ። ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ አጭሩን ልንገርህ። ፍንዳታው አጠገብ ያለው ውሃ ኦክስጅኑ ሙልጭ ብሎ ሊያልቅ ይችላል፤ ይህ በመሣሪያ ተለክቶ የታየ ነው። ራቅ እያልክ ስትሄድ ግን ልዩነቱ እየሳሳ ይጠፋል። ውቅያኖሱን በሙሉ ካየኸው ደግሞ የዛሬዎቹ እሳተ ገሞራዎች የሚወስዱት ኦክስጅን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። ብዙ ሰው ኦክስጅኑን የሚያጠፋው ሙቀቱ ይመስለዋል። ዋናው ጥፋተኛ ሙቀቱ አይደለም፤ ከምድር ውስጥ አብረው የሚወጡት ኬሚካሎች ናቸው። ይህ ካልገባን የቀረው ሁሉ ይምታታብናል።

እስቲ ከኦክስጅኑ እንጀምር። ዓሣ የሚተነፍሰው ውሃው ራሱ የተሠራበትን ኦክስጅን አይደለም። ውሃው ውስጥ የሟሟውን ጋዝ ነው። ይህ ጋዝ የሚገባው በሁለት በር ነው፤ አንደኛው በባሕሩ ገጽ በኩል ከአየር፣ ሁለተኛው ደግሞ ብርሃን በሚደርስበት ላይኛው ክፍል የሚኖሩት ፋይቶፕላንክተን የሚባሉ ደቃቅ እፅዋት የሚሠሩት ነው። ጥልቁ ባሕር የራሱ ምንጭ የለውም ማለት ይቻላል። በዋልታዎቹ አካባቢ ውሃ ሲቀዘቅዝ ይከብዳል፣ ይሰምጣል፣ ሲሰምጥም ከላይ የያዘውን ኦክስጅን ይዞ ይወርዳል፤ ከዚያ ለብዙ መቶ ዓመታት በውቅያኖሱ ሥር ሲዞር እዚያ ያለው ሕይወት ሁሉ ከዚያች ስንቅ ይጠቀማል። ስንቋም ብዙ አይደለችም። 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ የባሕር ውሃ ከአየር ጋር ሲመጣጠን በአንድ ሊትር ወደ 7 ሚሊግራም ኦክስጅን ይይዛል። 0 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ወደ 11.5 ሚሊግራም ይደርሳል። ወደ 2 ሚሊግራም ከወረደ ብዙ ዓሣ አካባቢውን ጥሎ ይሸሻል፣ መሸሽ ያልቻለው ይሞታል።

«ሙቀቱ ነው» የሚለው ሐሳብ የሚመጣው ከእነዚሁ ቁጥሮች ነው። ሞቃት ውሃ ትንሽ ኦክስጅን የሚይዝ ከሆነ፣ እስከ 1200 ዲግሪ የሚደርስ ቅልጥ ዐለት ባሕር ውስጥ ሲገባ ኦክስጅኑ ፈልቶ ይወጣል ብሎ ማሰብ ተገቢ ይመስላል። ለላይኛው ውሃ ልክ ነው። ለጥልቁ ግን አይሠራም። ከምድር ውስጥ ከሚወጣው ቅልጥ ዐለት ሦስት አራተኛው ገደማ የሚወጣው ከባሕር ሥር ነው፤ ያውም በአብዛኛው በውቅያኖሶች መሐል ወደ 65,000 ኪሎ ሜትር በሚዘረጋው የተራሮች ሰንሰለት ላይ፣ 2500 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ። እዚያ የውሃው ግፊት እኛ የምንኖርበትን የአየር ግፊት ወደ 250 ጊዜ ይበልጣል። የለስላሳ ጠርሙስ ክዳኑ እስካልተከፈተ ድረስ ሞቅ ቢልም ጋዙ እንደማያመልጥ ሁሉ፣ እዚያ ያለው ውሃም አምስት አሥር ዲግሪ ስለሞቀ ብቻ ኦክስጅኑን አይለቅም። ግፊቱ አፍኖ ይይዘዋል።

ሙቀቱ ራሱም ሩቅ አይደርስም። በግምት አስላው። አንድ ሜትር ኩብ ላቫ፣ ማለትም የወጣው ቅልጥ ዐለት፣ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ ያለውን ሙቀት ሁሉ ለውሃው ቢሰጥ፣ 1000 ሜትር ኩብ ያህል ውሃን በ1 ዲግሪ ነው የሚያሞቀው። ከ2018 ጀምሮ ማዮት ከምትባለው ደሴት ምሥራቅ፣ በአፍሪካና በማዳጋስካር መሐል፣ ፋኒ ማዎሬ የተባለ አዲስ እሳተ ገሞራ ከ3500 ሜትር ጥልቀት ተነስቶ በአንድ ዓመት ገደማ 800 ሜትር የሚበልጥ ቁመት አወጣ። የተፋው ላቫ 5 ኪሎ ሜትር ኩብ ያህል ነበር፤ በዘመናችን ከተመዘገቡት ግዙፎች አንዱ ነው። ሙቀቱን ሁሉ ብትደምረው 5000 ኪሎ ሜትር ኩብ ውሃን በ1 ዲግሪ ያሞቃል። ውቅያኖሱ ግን 1.3 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ኩብ ነው።

ታዲያ ኦክስጅኑን ማን በላው?

ከቅልጥ ዐለቱ የሚወጡት ጋዞች ኦክስጅን የላቸውም። በስንጥቆች ሰርጎ ገብቶ ከትኩሱ ዐለት ጋር ተገናኝቶ የሚመለሰው ፍል ውሃም የለውም። ይህ ብቻ ቢሆን ችግር አልነበረም፣ ከሌላው ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ያበቃ ነበር። ነገር ግን ባዶ እጃቸውን አይመጡም። ኦክስጅን የተራቡ ነገሮችን ተሸክመው ነው የሚወጡት። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ አለ፣ ያ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ። በውሃ የሟሟ ብረት አለ። ማንጋኒዝ፣ ሚቴንና ሃይድሮጅንም አሉ። እነዚህ ኦክስጅን ካለበት ውሃ ጋር ሲገናኙ ይይዙታል። ብረቱ ይዝጋል፤ ሚስማር እርጥበት ላይ ሲቆይ የሚሆነው ነው የሚሆነው፣ ልዩነቱ እዚህ ብረቱ በውሃው ውስጥ ሟሙቶ ስላለ በጣም መፍጠኑ ነው። አራት የብረት አቶሞች አንድ የኦክስጅን ሞለኪውል ይወስዳሉ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ደግሞ ከዚህ የባሰ ሆዳም ነው። አንዱ ሞለኪውል ሙሉ በሙሉ ወደ ሰልፌት እስኪቀየር ድረስ ሁለት የኦክስጅን ሞለኪውሎች ይበላል፣ ሲጨርስም አሲድ ትቶ ይሄዳል።

ፍጥነታቸውም አንድ አይደለም። ሞቅ ባለ የላይኛው ውሃ ውስጥ ብረቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይዝጋል። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ግን ባክቴሪያ ካላገዘው ግማሹ ለማለቅ እንኳን አንድ ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ይህች ልዩነት ትንሽ ትመስላለች፣ ውጤቷ ግን ትልቅ ነው። ብረቱ ኦክስጅኑን የሚበላው እዚያው በወጣበት ነው። ሰልፋይዱ ግን በባሕር ሞገድ እየተወሰደ፣ መንገድ ላይም እየበላ፣ ፍንዳታው ያልነበረበት ቦታ ይደርሳል። የመረዘው ውሃ ከእሳተ ገሞራው ርቆ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ሌላም መንገድ አለ፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳ። የካርቦን ዳይኦክሳይድ አረፋዎች። አረፋው ሲወጣ በውስጡ ኦክስጅን የለም። ስለዚህ በዙሪያው ባለው ውሃ የሟሟው ኦክስጅን ወደ አረፋው ይገባል፣ ከአረፋው ጋር ወደ ላይ ይሄዳል። እዚህ ላይ ምንም ኬሚካላዊ ለውጥ የለም፣ ጋዝ በጋዝ ተጠርጎ መውጣቱ ብቻ ነው። ይህ ጎላ ብሎ የሚታየው አረፋ በብዛት በሚፈጠርበት ጥልቀት በሌለው ባሕር ነው።

አሁን መጠኑን እንይ። ውቅያኖስ ወለል ላይ ጥቁር ጭስ የሚመስል ነገር የሚተፉ ፍል ውሃዎች አሉ፤ መጀመሪያ የታዩት በ1979 በምሥራቅ ፓሲፊክ ነው። ከእነሱ የሚወጣው 350 ዲግሪ ገደማ የሚደርስ ውሃ በያንዳንዱ ሊትር የያዘው ሰልፋይድ ሁሉ ኦክስጅን ቢበላ፣ የ50 ወይም የ70 ሊትር ጥልቅ የባሕር ውሃ ኦክስጅን ይጨርሳል። አስደንጋጭ ነው። ሆኖም ያ ፍል ውሃ ጥቂት መቶ ሜትር ከፍ ብሎ እስኪረጋ ድረስ 10,000 ጊዜ ያህል በዙሪያው ውሃ ይቀጥናል። ስለዚህ ከላይ የሚደርሰው ደመና መሰል ውሃ የሚጎድለው ኦክስጅን ከመቶ 1 እጅ ያነሰ ነው። በዚያ ላይ አብዛኛው ሰልፋይድ እንደወጣ ከብረትና ከሌሎች ማዕድናት ጋር ተጣብቆ ይወድቃል፣ ስለዚህ የተባለውን ያህል እንኳን አይበላም። የፓሲፊክ ፍል ውሃዎች ያወጡት ብረት ከ4000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ተገኝቷል። የኦክስጅን ጉድለቱ ግን ያን ያህል ርቆ አይታይም።

ሁኔታው የሚገለበጠው ፍንዳታው ጥልቀት በሌለው ቦታ፣ ብዙ ጋዝ ይዞ፣ ለወራት ሲቀጥል ነው። ለዚህ ከኤል ዬሮ የተሻለ ምሳሌ የለም።

ኤል ዬሮ ከካናሪ ደሴቶች አንዷ ናት፣ የስፔን ግዛት። በጥቅምት 2011 ከደቡብ ጫፏ፣ ላ ሬስቲንጋ ከምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ፣ ባሕሩ ሥር ፍንዳታ ጀመረ። እስከ መጋቢት 2012 ድረስ ቀጠለ። እሳተ ገሞራው ከ350 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ተነስቶ ጫፉ ከባሕሩ ገጽ 88 ሜትር እስኪቀረው ድረስ አደገ። በኋላ ታጎሮ ተባለ። ባሕሩ ከሳተላይት እስኪታይ ድረስ አረንጓዴ ሆነ፣ የሞቱ ዓሦች ተንሳፈፉ፣ የመንደሩ ሰዎችም ቤታቸውን ለቀው እንዲወጡ ተደረገ። የስፔን የምርምር መርከቦች ግን እየደጋገሙ ሄደው ለኩ፤ እኔ ለእነዚያ ባለሙያዎች ትልቅ አክብሮት አለኝ፣ ምክንያቱም እንዲህ ዓይነት ፍንዳታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከታትሎ የሚለካው ሲገኝ ብርቅ ነው። ያገኙት ይህ ነው፦ ከእሳተ ገሞራው በላይ ባለው የውሃ ክፍል ኦክስጅኑ ሙሉ በሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ ጠፍቷል። የሟሟ ብረትና ድኝ በብዛት ጨምሯል። የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ከ2 አሃድ በላይ ወርዷል፤ አንድ አሃድ አሥር እጥፍ ስለሆነ፣ ይህ ማለት ውሃው ከ100 እጥፍ በላይ አሲዳማ ሆኗል ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄህ እዚህ ጋ ይመለሳል። ዓሦቹ በምን ሞቱ? ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ የነበሩት በሙቀት ሊሞቱ ይችላሉ። ከዚያ ራቅ ያሉት ግን የሞቱት ታፍነው ነው ብል ማጋነን አይደለም፤ የሚታፈኑትም በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። አንደኛ፣ ውሃው ውስጥ ኦክስጅን የለም። ሁለተኛ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ወደ ደማቸው ገብቶ ደሙን አሲዳማ ስለሚያደርገው፣ ቀይ የደም ሴሎቻቸው የቀረችውን ኦክስጅን እንኳን መያዝ ያቅታቸዋል። ሦስተኛው ከሁሉ ይከፋል። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሴሎቹ ኦክስጅንን የሚጠቀሙበትን ኢንዛይም ይዘጋዋል። ስለዚህ ዓሣው ኦክስጅን ያለው ውሃ ውስጥ እየዋኘ፣ ደሙም ኦክስጅን ተሸክሞ፣ ሴሎቹ ግን ይታፈናሉ። እናም የሞተ ዓሣ አይተህ «ኦክስጅን አልቆ ነው» ወይም «መርዝ ነው» ብለህ አንዱን መምረጥ አያስፈልግህም። ሁለቱ አንድ ላይ ነው የሚሠሩት።

አሲዱን ካነሳን አይቀር፣ በማሪያና ደሴቶች ሰንሰለት ሰሜን ምዕራብ ሮታ 1 የሚባል የባሕር ሥር እሳተ ገሞራ አለ። ጫፉ 500 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ነው። ከ2004 ጀምሮ ሰው አልባ ሰርጓጅ መሣሪያዎች ሲፈነዳ በካሜራ ቀርጸውታል። የሚያወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ከውሃው ጋር ሲገናኝ ሰልፈሪክ አሲድና የቀለጠ ድኝ ይሆናል። ከአፉ በሚወጣው ደመና መሰል ውሃ ውስጥ ፒኤቹ 2 አካባቢ ተለክቷል፣ ከሎሚ ጭማቂ የማይተናነስ ማለት ነው። እንዲህም ሆኖ ግን ሽሪምፕ የሚባሉ ትናንሽ የባሕር እንስሳት እዚያው አፋፉ ላይ ይኖራሉ። ውሃው እየተነቃነቀ ንጹሕ ውሃ ቶሎ ቶሎ ስለሚተካ ነው።

ይህ የውሃ መነቃነቅ ነገር በጣም ያስፈልጋል። ውሃው ቶሎ የሚለዋወጥ ከሆነ ጉዳቱ ያጥራል። ውሃው ከታሰረ ግን የተለየ ታሪክ ነው። ቀይ ባሕር ውስጥ፣ መካከሉ ላይ፣ 2000 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ አትላንቲስ 2 የሚባል ጎድጓዳ ቦታ አለ። ከታች የሚወጣው ፍል ውሃ በጣም ጨዋማ ስለሆነ ይከብዳል። ስለሚከብድ ከላይኛው ውሃ ጋር አይቀላቀልም። ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ በላይ ነው፣ ኦክስጅን ደግሞ የለውም። ባለበት ተኝቷል። በግሪክ ሳንቶሪኒ አጠገብ ያለው ኮሎምቦም ተመሳሳይ ጠባይ አለው። በ1650 ሲፈነዳ ጋዙ በየብስ ላይ ሰዎችንና ከብቶችን ገድሏል። ዛሬ ጉድጓዱ ሥር ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛበት አሲዳማ ውሃ ተኝቶ ይገኛል።

አንዳንድ ሰው ደግሞ በተቃራኒው ያስባል። ውሃ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ስለሆነ፣ ላቫው ሰብሮት ኦክስጅን አያወጣም ወይ ይላል። አያወጣም። ትኩስ ዐለት ውስጥ ያለው ብረት ከውሃው ላይ ኦክስጅኑን ለራሱ ይወስዳል፣ የሚለቀው ሃይድሮጅኑን ነው። ያ ሃይድሮጅን ደግሞ በተራው ውሃ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይፈልጋል። ስለዚህ በዚህም በኩል ሂሳቡ ኪሳራ ነው።

ኦክስጅን የሚጨምርበት መንገድ ግን አለ፣ በእፅዋቱ በኩል። በ2018 የሃዋይው ኪላዌያ ላቫው ባሕር ሲገባ ከሳተላይት የታየ ሰፊ የፋይቶፕላንክተን መስክ አበበ። ላቫው ውስጥ እነሱ የሚፈልጉት ናይትሮጅን የለም። የሆነው እንዲህ ነው፤ ላቫው እየወረደ ሄዶ ጥልቁን ውሃ አሞቀው፣ የሞቀው ውሃ ወደ ላይ ሲወጣ ናይትሬት የሚባለውን፣ ናይትሮጅን ያለበትን ምግባቸውን ይዞ ወጣ። በጥር 2022 በደቡብ ፓሲፊክ ያለው ሁንጋ ቶንጋ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳም በሁለት ቀን ውስጥ በአካባቢው ባሕር ላይ እፅዋቱ ጨምረው ታዩ፣ እዚያ ማዳበሪያ የሆነው ዐመዱ ነው። እነዚህ እፅዋት በሕይወት ሳሉ ላይኛው ውሃ ኦክስጅን ያገኛል። ሲሞቱ ግን ይሰምጣሉ፣ ባክቴሪያ ይበላቸዋል፣ ባክቴሪያው ደግሞ የታችኛውን ውሃ ኦክስጅን ይጠቀማል። ላይ የተገኘው ከፊሉ ወደ አየር ያመልጣል፣ ታች የጠፋው ግን የሚተካው ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ «ባሕሩ አረንጓዴ ሆነ፣ ኦክስጅኑ ጨመረ» ብሎ መደምደም ችኮላ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄህ። አይደለም፣ በዚህ ምክንያት አይደለም። ውቅያኖሶች ከ1960 ወዲህ ካላቸው ኦክስጅን ከመቶ 2 እጅ በላይ አጥተዋል። በቁጥር ትንሽ ትመስላለች፣ እኔን ግን እንቅልፍ ትነሳኛለች፣ ምክንያቱም ኪሳራው እኩል ስላልተከፋፈለ ነው፤ ድሮም ኦክስጅን ያነሳቸው ቦታዎች እየሰፉ ነው። ኪሳራው በግልጽ ከሚታይበት አንዱ ላይኛው 1000 ሜትር ነው። የባሕር ሥር እሳተ ገሞራው ግን አብዛኛው ከ2000 ሜትር በታች ነው ያለው። ደግሞም እሳተ ገሞራዎቹ በዚህ ስልሳ ዓመት ውስጥ በተለየ ሁኔታ እንደበዙ የሚያሳይ ነገር የለም፤ በሚሊዮን ዓመታት ሲያደርጉት የኖሩትን ነው የሚያደርጉት። የተለወጠው አየሩ ነው። አየሩ ሲሞቅ የባሕሩ ገጽ ይሞቃል፣ የሞቀ ገጽ ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ከዚያም በላይ ቀላል ሆኖ ስለሚንሳፈፍ ከታችኛው ጋር አይቀላቀልም። ወደ ጥልቁ የሚወርደው ስንቅ ይቀንሳል። በባሕር ዳርቻዎች ደግሞ ከእርሻና ከከተማ የሚፈስ ማዳበሪያና ፍሳሽ ይጨመርበታል። እሳተ ገሞራ ላይ ማሳበብ የሰውን ድርሻ ይሸፍናል፣ ለዚህ ነው ይህን ጥያቄ ለይቼ መመለስ የፈለግኩት።

ይህን ስል በምድር ታሪክ ውስጥ እሳተ ገሞራ ውቅያኖስን አፍኖ አያውቅም ማለቴ አይደለም። ከ94 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የውቅያኖሶች ሰፊ ክፍል ኦክስጅን አጥቶ ነበር። ምልክቱ ዛሬም በብዙ አገር ጥቁር ዐለት ሆኖ ይታያል፣ ሳይበሰብስ የቀረ የሕይወት ቅሪት ነው ያጠቆረው። በዚያን ጊዜ በካሪቢያን አካባቢ ለረጅም ጊዜ የቆየ ግዙፍ የባሕር ሥር እሳተ ገሞራ እንደነበር በዐለቱ ውስጥ የተገኘው ኦስሚየም የተባለ ብርቅ ብረት ምልክት ያሳያል። ግን እዚያም ቢሆን ኦክስጅኑን በቀጥታ ላቫው ብቻ አልበላውም። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ምድርን አሞቀ፣ ሙቀቱ ዐለቶችን አፈራረሰ፣ የፈረሰው ዐለት ባሕሩን አዳበረ፣ እፅዋቱ በዙ፣ ሞቱ፣ በመበስበሳቸው ኦክስጅኑ አለቀ። ያ ሁሉ የሆነው በመቶ ሺህ በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር ስለ ልኬት፣ ምክንያቱም ወደፊት ራስህ መረጃ ስታነብ ይጠቅምሃል። በባሕር ውሃ ኦክስጅንን ለመለካት ከ1888 ጀምሮ የቆየው የዊንክለር ዘዴ በአዮዲን ነው የሚሠራው። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያለበት ናሙና ላይ ግን ሰልፋይዱ አዮዲኑን ስለሚበላው ውጤቱ ከእውነቱ በታች ይወጣል። አንዳንዶቹ የኤሌክትሮድ መለኪያዎችም በሰልፋይድ ይበላሻሉ። ብርሃን የሚጠቀሙት አዳዲሶቹ የተሻሉ ናቸው። ስለዚህ እሳተ ገሞራ አጠገብ «ኦክስጅን 0» የሚል ቁጥር ስታገኝ፣ በምን እንደተለካና ሰልፋይዱ አብሮ ተለክቶ እንደሆነ ተመልከት። ሁለቱ አብረው ከቀረቡልህ እመን። ኦክስጅኑ ብቻውን ከቀረበ ግን ናሙናውን የወሰደው ቡድን ስለ ዘዴው የጻፈውን ክፍል ሳታነብ አትለፍ።